ጭማሪው የት ገባ? የጎንደር ትምህርት ቤት ሠራተኛ ወርና ሰዓት

ነሐሴ 2017 ላይ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ሊጨመር መሆኑ ሲነገር ጎንደርም እንደ ሌላው ከተማ ወሬው ከሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን «እንግዲህ መምህራን ምን ቀራቸው?» አለ። ሌላው «ምን ተጨመረና ነው?» ብሎ መለሰ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም። ደመወዝ በገባ ቁጥር ይነሳል፣ ጤፍ በተወደደ ቁጥር ደግሞ ይጋጋላል።

ሁለቱም ወገን የሚከራከረው በአንድ ቁጥር ላይ ነው። የትምህርት ቤት ሠራተኛ ኑሮ ግን በዚያ ቁጥር ብቻ አይለካም። ደመወዙ ስንት ቀን መድረስ አለበት? ሥራውስ ስንት ሰዓት ይወስዳል? እነዚህን ሁለት ነገሮች ካላየን «ጭማሪው የት ገባ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አናገኝም።

ዜናው ላይ ያለው ቁጥርና እጅ የሚገባው

ከመስከረም 2018 ጀምሮ ይሠራል የተባለው ጭማሪ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ የመነሻ ደመወዙን ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ያደርሳል። ዝቅተኛው መነሻ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። መምህራን የራሳቸው የደረጃ መሰላል አላቸው። ከጀማሪ መምህር ተነስቶ በመለስተኛ፣ በመምህርና በከፍተኛ መምህር አልፎ ወደ መሪ መምህርነት ይወጣል። ስለዚህ 11,500ን የእያንዳንዱ መምህር ደመወዝ አድርገን አንውሰደው። ለስሌት ግን ይበቃናል።

ዜናው የሚነግረን ጥቅል ደመወዝን ነው፤ ብዙ ሰው «ግሮስ» የሚለውን። ቤት የሚገባው ደግሞ ግብርና ጡረታ ከተቆረጠ በኋላ የሚቀረው፣ «ኔት» ወይም የተጣራ የሚባለው ነው። በ2017 ሐምሌ የተሻሻለው የገቢ ግብር እስከ 2,000 ብር ያለውን ገቢ ነፃ አድርጓል። ከዚያ በላይ ያለው ደረጃ በደረጃ ከ15 እስከ 35 በመቶ ይከፍላል። ጡረታ 7 በመቶ ነው። አሠሪው መሥሪያ ቤት ደግሞ 11 በመቶ ይጨምርበታል።

እናስላው። ከ11,500 ብር ላይ 2,100 ግብር ይነሳል። ጡረታው 805 ነው። የሚቀረው 8,595 ብር ይሆናል። የቀድሞው 6,940 በቀድሞው የግብር ሰንጠረዥ ሲሰላ እጅ የሚገባው 5,284 ብር ከ20 ሳንቲም ነበር። ዜናው 4,560 ብር ጭማሪ ሲል ቤት የገባው 3,310 ብር ከ80 ነው ማለት ነው።

ይህ ትንሽ ነው ለማለት አይደለም። ግብሩ ባይሻሻል ኖሮ ከ11,500 ላይ 2,525 ብር ይቆረጥ ነበር። ስለዚህ «ምንም አልተጨመረም» የሚለውም ልክ አይደለም። ችግሩ አከራይም፣ ባለሱቅም፣ ዘመድም የሚሰማው ትልቁን ቁጥር መሆኑ ነው። የሚጠይቀውም በዚያው ልክ ነው።

የማስታወቂያውና የከፋዩ ርቀት

ብዙ ሰው የመምህርን ደመወዝ የሚከፍለው አዲስ አበባ ያለ መሥሪያ ቤት ይመስለዋል። የደመወዝ ስኬሉ ከላይ ይወሰናል፤ ክፍያው ግን የሚወጣው ከከተማው ወይም ከወረዳው በጀት ነው። ክልሉ ለወረዳዎችና ለከተማ አስተዳደሮች ጥቅል በጀት ይሰጣል። በሙያው ቋንቋ «ብሎክ ግራንት» ይሉታል። አንድ ላይ የተሰጠ ብር ነው፣ ለምን ለምን እንደሚውል የሚደለድለው ተቀባዩ ነው። ከዚያ ላይ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ደመወዝ ነው።

እዚህ ላይ ነው «ውዝፍ» የሚባለው ቃል የሚወለደው። ማስታወቂያው ከላይ ሲወርድ በጀቱ እኩል ካልወረደ፣ ወረዳው ወይ ያዘገያል ወይ ከሌላ ርዕስ ይነቅላል። ከሌላ ርዕስ ከነቀለ ደግሞ ጠመኔው፣ የፈተና ማባዣው ወረቀትና የሽንት ቤቱ ጥገና ይጎዳሉ። ደመወዙ በወቅቱ ገብቶለት ለፈተና ወረቀት ከኪሱ የሚያወጣ መምህር ሲያጋጥም መነሻው ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

ገበያው ቀድሞ ይሰማል?

«ደመወዝ ተጨመረ ሲባል ነጋዴው ዋጋ ይጨምራል» የሚለው አስተያየት ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ላይ ማንም የሚናገረው ነው። መንግሥትም በየጊዜው ነጋዴዎችን የሚያስጠነቅቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ተቃራኒው ሐሳብ፣ ዋጋው አስቀድሞ ስለናረ ነው ደመወዙ የተጨመረው ይላል።

የጊዜ ቅደም ተከተሉ ለሁለተኛው ያደላል። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ የለቀቀው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መምህር በዶላር አይገዛም። ዘይቱ፣ መድኃኒቱ፣ የባጃጁ ቤንዚንና የልጁ ደብተር የተሠራበት ወረቀት ግን ከውጭ ይገባሉ። የነዳጅ ድጎማውም በዚያው ሰሞን እየተነሳ ነበር።

«እሺ፣ የደምቢያ ጤፍ ከውጭ አይመጣ፣ እሱስ ለምን ይወደዳል?» ይባላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ጤፉ የደምቢያ ቢሆንም ማዳበሪያው ከውጭ ነው። ጤፉን የሚያመጣው መኪና ነዳጅ ይፈልጋል። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ባለው ግጭት ደግሞ መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ፣ ጭነት የሚያድርበት ቀን አለ። ያደረ ጭነት ዋጋው ላይ ይታያል። ጭማሪውን ሰምቶ ዋጋ የሚሰቅል ነጋዴ የለም አይባልም። በተለይ በቤት ኪራይ ላይ ይህ በግልጽ ይታያል፤ አከራይ የተከራዩን ሥራ ያውቃላ! ግን የዋጋውን ንረት በሙሉ ለደመወዙ መስጠት ጋሪውን ከፈረሱ ማስቀደም ነው።

35 ቀን ያለው ወር

አሁን ብዙም የማይወራበት ጉዳይ ላይ ደረስን። የእኛ ዓመት 13 ወር አለው። ደመወዝ ግን 12 ጊዜ ነው የሚከፈለው። ጳጉሜን ደመወዝ የላትም።

የነሐሴ ደመወዝ የጳጉሜንን 5 ቀንና የመስከረምን 30 ቀን መሸከም አለበት፤ በድምሩ 35 ቀን። ሌላ ጊዜ ቢሆን 5 ቀን ምን ያደርጋል ይባል ነበር። እነዚህ 35 ቀኖች ግን ዓመቱን ሙሉ የተከማቸ ወጪ የሚፈስባቸው ናቸው። እንቁጣጣሽ አለ፣ ዶሮ። መስቀል አለ። የልጆች ምዝገባ፣ ደብተር፣ ዩኒፎርም አለ። ራሱ የትምህርት ቤት ሠራተኛ የሆነ ወላጅ ሌላውን ወላጅ «መዋጮ ክፈል» እያለ ሲመዘግብ ይውልና ማታ ቤቱ ሲገባ ተራው የእሱ ይሆናል።

በቁጥር ይታይ። 8,595 ብር ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን 286 ብር ከ50 ነው። ለ35 ቀን ሲካፈል 245 ብር ከ57 ይሆናል። ከዚያ ላይ ለአንድ ክፍል ኪራይ 3,000 ብር፣ ለእቁብ 1,000 ብር ወጣ እንበል። ለ35 ቀን የሚቀረው 4,595 ብር ነው። በቀን 131 ብር ከ29። ምግብ፣ ታክሲ፣ ካርድ፣ ሳሙና፣ መድኃኒት ሁሉም ከዚህ ነው የሚወጣው።

«እቁቡን ለምን አይተወውም?» የሚል ይኖራል። ብዙ ትምህርት ቤት ስታፍ ውስጥ እቁብ አለ። 12 ሰው በወር 1,000 ብር ቢጥል፣ በየወሩ አንዱ 12,000 ብር ይዞ ይወጣል። ወለድ የለውም፣ ዋስ የሚሆነው አብሮ መዋል ነው። ከባንክ ብድር ጋር ስናወዳድረው የእቁብ ጥቅም ትርፍ አይደለም። እየተንጠባጠበ የሚያልቅ ብርን አንድ ላይ ማግኘት ነው። ፍራሽም ሆነ የሆስፒታል ወጪ በወር ደመወዝ አይሸፈንም፤ በእቁብ ግን ይሸፈናል። ለዚህ ነው የነሐሴ ዕጣ በጣም የምትፈለገው። ዕጣ የደረሰው ሰው «ለእኔ ልቀቅልኝ፣ የኔን ትወስዳለህ» ተብሎ ይለመናል። ልጁ የታመመበት ወይም ሰርግ ያለበት ብዙ ጊዜ ይለቀቅለታል።

ከእቁብ ሌላ እድር አለ። የመምህራን የቁጠባና ብድር ማኅበር ተቀናሽም አለ። ይህኛው ከደመወዝ ላይ ቀድሞ ስለሚቆረጥ ብዙ ሰው እንደሌለ ይቆጥረዋል። ጎንደር ደግሞ የ44ቱ ታቦት አገር ናት። የጽዋ ማኅበሩ ቀን አለው፦ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 በዓለ ወልድ። ተራው የደረሰበት ሰው ድፎውንም ጠላውንም ያዘጋጃል። የሙስሊሙ ሠራተኛ በዓል ደግሞ በጨረቃ ስለሚዞር አንዳንድ ዓመት ከወር መጨረሻ ጋር ይጋጫል። ይህን ሁሉ «አላስፈላጊ ወጪ» ብሎ መዝለል ቀላል ነው። ነገር ግን ሲታመም የሚጠይቀው፣ ሲሞት የሚቀብረው፣ ብር ሲያጥረው የሚያበድረው ያው ማኅበርተኛ ነው። ማኅበሩን መተው መድኅንን መተው ነው።

እንግዲህ ጭማሪው የት ገባ ሲባል፣ የመጀመሪያዎቹ ወራት ጭማሪ በአብዛኛው የገባው ወደ ኋላ ነው። የዱቤ መዝገብ ተዘጋበት፣ ያደረ ኪራይ ተከፈለበት። አዲስ ነገር የሚገዛው ከዚያ ተርፎ ሲገኝ ነው።

13 ሰዓት ከ20 ደቂቃ

ስለ ሰዓቱ ያለው ግራ መጋባት ከብሩ ይብሳል። «መምህር ግማሽ ቀን ሠርቶ ነው የሚገባው» የሚለውን ያልሰማ የለም። አባባሉ ከባዶ አልመጣም። የፊዚክስ መምህርት 5 ክፍል ብታስተምር፣ ለእያንዳንዱ በሳምንት 4 ክፍለ ጊዜ ብትገባ፣ 20 ክፍለ ጊዜ ይሆናል። አንዱ 40 ደቂቃ ነው። ሲደመር 13 ሰዓት ከ20 ደቂቃ። ሌላ የቢሮ ሠራተኛ ይህን ሲሰማ ቢስቅ አይፈረድበትም።

አሁን ሌላኛውን ስሌት እንይ። የሁለተኛ ደረጃ መመዘኛው በአንድ ክፍል 40 ተማሪ ነው። በተግባር 60 ሆኑ እንበል። በዙሪያ ወረዳዎች ትምህርት ቤት ሲዘጋ አቅም ያለው ወላጅ ልጁን ዘመድ ቤት ወደ ከተማ ይልካል፤ ክፍሉም ይጨናነቃል። 5 ክፍል በ60 ሲባዛ 300 ወረቀት ነው። ለአንዱ 3 ደቂቃ ብቻ ብትሰጥ 15 ሰዓት ይፈጃል። አንድ ፈተና ማረም የሳምንቱን ሙሉ የማስተማር ሰዓት በልጦ ይገኛል ማለት ነው።

ደግሞ ፈተናው አንድ አይደለም። «ተከታታይ ምዘና» የሚባለው አሠራር ውጤቱ በአንድ ማጠቃለያ ፈተና እንዳይወሰን ይፈልጋል። ኩዊዝ፣ የቤት ሥራ፣ የቡድን ሥራ፣ የክፍል ተሳትፎ ሁሉ ይያዛል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። 40 ተማሪ ላለው ክፍል ታስቦ ለ60 ሲሠራ ግን ወይ መምህሯ ታድራለች፣ ወይ ተማሪው ሳይታረምለት ማርክ ያገኛል። ሁለቱም ይደረጋሉ፣ ሁለተኛው ጮክ ተብሎ አይነገርም እንጂ። ከዚያ ማርክ ሊስት ይሞላል፣ የክፍል ኃላፊ ከሆነች ሮስተር፣ ማለትም የክፍሉን ተማሪዎች ውጤት ሁሉ የያዘ መዝገብ፣ ትሠራለች። በዓመት 60 ሰዓት የሚጠበቀው ሲፒዲ፣ ማለትም ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ፣ አለ። የትምህርት ዕቅድ በየሳምንቱ ይፈረማል።

ይህ ሥራ የሚሠራው ቤት ነው። የጎንደር ቤት ደግሞ የራሱ ፈረቃ አለው። አንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ ሄዷል፣ ከተማዋ ደግሞ እየሰፋች። የመገጭ ግድብ ሥራ ለዓመታት ተጓትቷል። ስለዚህ ውሃ በተራ ነው። ተራው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ከደረሰ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ይነሳል። ቧንቧው መጀመሪያ አየር ይተነፍሳል፣ ከዚያ ቡኒ ውሃ ይተፋል፣ ከዚያ ይጠራል። ቢጫው ጀሪካን እስኪሞላ ቆሞ መጠበቅ ነው፤ በርሜሉ ገና ነው። አንዳንዷ መምህርት ወረቀቱን ይዛ እዚያው ትቀመጣለች። መብራት ከሌለ የስልኳን ባትሪ ታበራለች። ባለትዳር ከሆነች የጀሪካኑም የሽሮውም ሥራ በብዛት የሚወድቀው በእሷ ላይ ነው። የወንድ ባልደረባዋ ማረሚያ ሰዓትና የእሷ ማረሚያ ሰዓት በወረቀት ላይ እኩል ይሁን እንጂ በቤት ውስጥ እኩል አይደለም።

ስማቸው የማይጠራው

ክርክሩ ሁሌ «መምህሩ» እያለ ይሄዳል። ትምህርት ቤት ግን ያለ ጥበቃ አይከፈትም፣ ያለ ጽዳት ሠራተኛ አይውልም። ዝቅተኛው የ6,000 ብር መነሻ ሲሰላ 700 ግብር፣ 420 ጡረታ ተነስቶ 4,880 ብር ይቀራል። የድሮው 4,760 በድሮው ግብር 3,777 ብር ከ30 ነበር። ልዩነቱ 1,102 ብር ከ70 ነው። ከዲግሪው ተመራቂ ጭማሪ ሲሶው ብቻ። ጤፉ ግን ሲሶ ዋጋ አይሸጥላቸውም።

የሪከርድ ሠራተኛዋን እንውሰድ። ትራንስክሪፕት ፈላጊ የሚበዛው መስከረም ላይ ነው፤ የሚዛወር፣ ኮሌጅ የሚገባ፣ ውጭ የሚሄድ። የ1990ዎቹ ሮስተር ቀለሙ ደብዝዟል። የ«ኃ»ና የ«ሀ» ልዩነት አንድን ሰው ከመታወቂያው ጋር ያጣላዋል። አንድ ስም ለማቅናት ግማሽ ቀን ይሄዳል። ይህች ሠራተኛ ማጠናከሪያ አታስተምርም፣ ፈተና አትፈትንም፣ ስለዚህ ተጨማሪ ገቢ የላትም። ስለ ትምህርት ቤት ደመወዝ ሲወራ መጀመሪያ የምትረሳው እሷ ናት።

የቱቶሪያል ጣጣ

ብሩም ሰዓቱም ሲያጥር መምህሩ የሚያገኘው ቅርብ መውጫ ቱቶሪያል ነው። ቤት ለቤት ወይም በቡድን ከፍሎ መማር ማለት ነው። ፍላጎቱ የመጣው ከፈተናው ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ነበሩ። ይህን ቁጥር ያየ ወላጅ ብር ካለው ይከፍላል።

ወላጆች የሚያነሱት ስጋት ተገቢ ነው። መምህሩ ክፍል ውስጥ ያላስተማረውን ማታ ቢሸጥስ? የራሱን ተማሪ በክፍያ ማስተማር የጥቅም ግጭት አለው፤ ይህን መካድ አይቻልም። መምህራን ደግሞ «13 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ለ300 ተማሪ አይበቃም፣ ክፍያው ባይኖርም ማጠናከሪያው ያስፈልጋል» ይላሉ። ይህም እውነት ነው። የራስን ክፍል ተማሪ በክፍያ አለማስተማር የሚለው ደንብ በየትምህርት ቤቱ ቢጸና ግማሹ ጭቅጭቅ ይቀንስ ነበር ብዬ አስባለሁ። ሌላኛው ግማሽ የክፍል ጥበት ነው፤ እሱ በደንብ አይፈታም።

ከቱቶሪያሉ የማይቆረስለት ሌላ መንገድ ይፈልጋል። የአማርኛ፣ የታሪክ፣ የስፖርት መምህር ፈላጊ ብዙም የለውም። ባጃጅ በኪራይ የሚነዳ አለ፣ ሱቅ የሚከፍት አለ። ወጣቱ ክረምት ክረምት ሁለተኛ ዲግሪውን ይዞ ከትምህርት ቤት መውጫ ይፈልጋል። ቀድሞ የሚያጡት ትምህርት ቤቶች ከከተማ የራቁት ናቸው፣ ትምህርት ዓይነቶቹም ሌላ ቦታ ተፈላጊ የሆኑት፦ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ አይሲቲ።

የሚቀጥለው ጭማሪ ሲመጣ

አንዳንዶች ከደመወዝ ይልቅ ቤት ይሻላል ይላሉ። በማኅበር ለተደራጁ መምህራን ቦታ መስጠት የቆየ ጥያቄ ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ኪራይ ከሌለ ከ8,595ቱ ላይ የመጀመሪያውና ትልቁ ቆራጭ ይነሳል፣ አከራይም ዜና ሰምቶ አይጨምርም። ጉዳቱ ደግሞ ቦታ ያገኘ ሁሉ ቤት አይሠራም። ብረትና ሲሚንቶ የሚገዛበት ብር የለውማ። ቦታውን ሸጦ ወደ ኪራይ የሚመለስም አይጠፋም።

ከዚህ የቀለለ ሐሳብም አለ። ደመወዙ ባይጨምር እንኳ የዓመቱን ክፍያ ከ12 ይልቅ በ13 ማካፈል ይቻላል። ቁጥሩ ያው ሆኖ የመስከረም ጉድጓድ ይሞላል። ተቃውሞው፣ በሌሎቹ 12 ወራት በወር የሚገባው ሊቀንስ ነው የሚል ነው፤ አከራይ ደግሞ በ13 አይካፈልም። በዚህ የተነሳ ሠራተኛው ራሱ የሚወደው አይመስልም። እስከዚያው ስታፍ ውስጥ ያለው እቁብ ይህን ሥራ እየሠራ ነው፣ ለ12 ሰው በዓመት አንዴ።

2018 ሲያልቅ ጳጉሜን 5 ናት። በ2019 መጨረሻ ግን 6 ትሆናለች። 35ቱ ቀን 36 ይሆናል፤ 8,595ም በቀን 238 ብር ከ75።